የስፓይደርማን ሒሳብ

በጣም የምወደው የሱፐርሂሮ ኮሚክስ ገጽ ላይ ድብድብ የለም። ቦታው ባንክ ነው። ስፓይደርማን ጭንብሉን እንዳጠለቀ መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ቼክ ሊመነዝር። ቼኩ የተጻፈው "ስፓይደርማን" ለሚባል ሰው ነው። ከፋዩ መታወቂያ ይጠይቀዋል። ልብሴን አታይም ወይ ይላል ልጁ። ልብስማ ማንም ሊለብስ ይችላል ይሉታል። ሰባራ ሳንቲም ሳያገኝ ይወጣል።

ይህ የ1963ቱ "አሜዚንግ ስፓይደርማን" ቁጥር 1 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ግድግዳ የሚወጣ፣ ከሰው ሁሉ የበረታ ልጅ "መታወቂያ የለህም" ተብሎ ተመለሰ። ፋይዳ ሳይዝ ባንክ ሄዶ ፊቱን ያዞረ ሰው ይህን ገጽ የሚያብራራለት አያስፈልገውም።

እኔ ጅማ ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲው በሚወስደው መንገድ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ። ተመራቂዎች ሪሰርቻቸውን ይዘው ሲጎርፉ ምሳ እንኳ አልበላም። በቀረው ጊዜ ሥራው ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። በተለይ የእኛ ከተማ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ከያዘው፣ ለአንድ ገጽ ኮፒ ብሎ የሚመጣ የለም። ያን ጊዜ ኮሚክስ አነባለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አልደብቀውም። "ይሄ የልጆች አይደለም እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ የልጆችም ነው።

የጀመርኩት እንደ ሁሉም ሰው በፊልም ነው፤ ከሲዲ ቤት እየተከራየሁ። ኮሚክሱን ያሳየኝ ቂጦ ፉርዲሳ ከሚባለው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ የመጣ አንድ ተማሪ ነው። ከውጭ የመጣለትን የድሮ እትሞች ጥራዝ ልኩን አይቼ ፕላስቲክ ሽፋን እንዳደርግለት ይዞት መጣ። መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ታሪኩ አልነበረም፤ ህትመቱ ነው። ቀለሙን ቀረብ ብዬ ሳየው ነጠብጣብ ነው። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። የእኔ ከለር ፕሪንተር የሚጠጣቸው እነዚያው አራቱ! የስፓይደርማን ቀይና ሰማያዊ፣ የሃልክ አረንጓዴ፣ የሰዉ ፊት ሁሉ ከእነሱ ነው የወጣው። ጥራዙን ለሁለት ቀን አስቀረሁበት። ሽፋኑን በነፃ ሠራሁለት።

ከዚያ በኋላ ሚኒያፖሊስ ያለችው አክስቴ ፍዳዋን አየች። "ምን ላምጣልህ? ጫማ?" ስትለኝ የኮሚክስ ዝርዝር እልክላታለሁ። "አንተ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎህ የለም እንዴ?" ትለኛለች። ግን ታመጣለች። ሻንጣዋ ውስጥ ጥራዞቹ ሲወጡ የሚቀረውን ቦታ የሊሙ ቡና ይሞላዋል። ንግዳችን እንደዚህ ነው።

እና እነዚህን ጥራዞች እያነበብኩ የገባኝ ነገር አለ። ሌላው ሰው ጉልበቱን፣ በረራውን፣ ጥፋቱን ያያል። እኔ ነጋዴ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ሒሳቡን አያለሁ። ማን ከፈለ? ማን ተከፈለው? የቤት ኪራዩ ከየት ይመጣል? ስፓይደርማን ደግሞ ከሁሉም በላይ ሒሳቡ የማይሞላለት ሰው ነው።

ፒተር ፓርከር፣ ማለትም ስፓይደርማን ጭንብሉን ሲያወልቅ፣ መጀመሪያ የወጣው ነሐሴ 1962 በታተመው "አሜዚንግ ፋንታሲ" ቁጥር 15 ላይ ነው። ጸሐፊው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ። ዋጋው 12 ሳንቲም። ጨረር ያለባት ሸረሪት ነክሳው ልጁ ኃይሉን እንዳገኘ መጀመሪያ የሄደው ዓለምን ሊያድን አይደለም። ትግል ገጥሞ የሽልማት ገንዘብ ይወስዳል፤ ከዚያ ቴሌቪዥን ላይ ይሠራል። ሌባ በአጠገቡ ሲሮጥ "የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ አሳለፈው። ያው ሌባ አጎቱን ቤንን ገደለበት። እዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማይጠይቀው ቀጥሎ ምን ሆነ የሚለውን ነው። ቀጥሎ የቤት ኪራይ መጣ! በ"አሜዚንግ ስፓይደርማን" ቁጥር 1 ላይ ያሳደገችው አክስት ሜይ ጌጦቿን ለመያዣ ትወስዳለች። ፒተር እያየ። ፋንታስቲክ ፎር የሚባሉት ጀግኖች ጋ ሄዶ ሥራ ሲጠይቅ ደሞዙ ስንት ነው ይላል። ደሞዝ የለም ይሉታል። ጥሏቸው ይሄዳል። በመጨረሻ ያገኘው እንጀራ የራሱን ፎቶ እያነሳ ለጋዜጣ መሸጥ ነው። የጋዜጣው ባለቤት ጄምሰን ፎቶዎቹን ገዝቶ ያንኑ ልጅ ወንጀለኛ እያለ ስሙን ያጠፋበታል። ስድቡ የሚታተመው በገዛ ፎቶው ነው። እሱም ይሸጣል፤ ምን ያድርግ፤ አክስቱ መብላት አለባት።

ከሱቄ ቀጥሎ ሐጂ አሉ፤ ልብስ ሰፊ ናቸው። ዝናብ ሲዘንብ ሲንጀራቸውን ትተው እኔ ጋ ይመጣሉ። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ እኔ እያነበብኩ እተረጉምላቸዋለሁ። መጀመሪያ የጠየቁኝ እንዲህ ብለው ነው፦

"አንተ ልጅ፣ ይሄን ልብስ ማን ሰፋለት?"

"ራሱ ነው የሰፋው፣ ሐጂ።"

"ራሱ? ይሄን ሁሉ የድር መስመር?"

መነጽራቸውን አውጥተው ገጹን ወደ በሩ ብርሃን ያዙት። ከደረቱ ላይ ያለውን፣ ከጭንብሉ ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው ተከተሉ። "ወላሂ ይሄ የአንድ ወር ሥራ ነው" አሉ። ከዚያ ቁጥር 4ን አሳየኋቸው። ሳንድማን ከሚባለው ጋር ሲደባደብ ጭንብሉ ይቀደዳል። ፊቱ እንዳይታይ ድብድቡን ጥሎ ይሸሻል። ቤት ገብቶ፣ አክስቱ እንዳትሰማ፣ መርፌና ክር ይዞ ይሰፋል። ሐጂ ያን ገጽ አይተው ዝም አላሉም። መርፌው አያያዙን ተቹ። ክሩ ረዝሟል፣ ይቋጠርበታል አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን እንደ ሠራተኛቸው ነው የሚያስቡለት።

ፊልሞቹን አልጠላም። ግን ሐጂና እኔ የምንስማማበት አንድ ቅሬታ አለን። አዲሶቹ ፊልሞች ላይ ቶኒ ስታርክ የሚባል ባለሀብት መጥቶ ዘመናዊ ልብስ ይሰጠዋል። ሐጂ ይህን በስልኬ ሲያዩ "በቃ፣ ተበላሸ" አሉ። ትክክል ናቸው። ሀብታም የሚያለብሰው ስፓይደርማን ሌላ ሰው ነው። ባትማንን ደግሞ ጭራሽ አልወደዱትም። ያን ያህል ሀብት ካለው ሌቦቹን ሥራ አይቀጥራቸውም ወይ አሉኝ። ብሩስ ዌይን፣ ባትማን ጭንብሉን ሲያወልቅ ማለት ነው፣ ብዙ የሚለግስ ሰው መሆኑን ላስረዳ ሞከርኩ። አልሰሙኝም።

አሁን ወደ ቁጥር 33 ልምጣ። የካቲት 1966። ኮሚክስ አንብቦ የማያውቅ ሰው አንድ ነገር ብቻ አሳየኝ ቢለኝ ይህን ነው የማወጣለት። ነገሩ የሚጀምረው ቀደም ብሎ ነው። አክስት ሜይ ታማ ሳለ ፒተር ደም ሰጥቷት ነበር። የእሱ ደም ውስጥ የሸረሪቷ ጨረር አለ። ያዳናት መስሎት የሰጣት ደም አሁን እየገደላት ነው። መድኃኒት አለ፤ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። የላብራቶሪ ዕቃዎቹን መያዣ አስይዞ ያሟላል። መድኃኒቱን ደግሞ ዶክተር ኦክቶፐስ የሚባለው ጠላቱ ይሰርቀዋል። ፒተር ከውኃ ሥር ያለው ዋሻው ድረስ ይከተለዋል። እዚያ ትልቅ ማሽን ይወድቅበታል። ጣሪያው ውኃ ያፈስሳል። መድኃኒቱ ፊት ለፊቱ ወለሉ ላይ ነው፤ እጁ አይደርስም።

ዲትኮ ከዚህ በኋላ የሠራው ሥራ ይገርማል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ሙሉ አንድ ልጅ አንድ ብረት ሲያነሳ ብቻ ነው የሚያሳየው። ጠላት የለም። ሥዕሎቹ የተከፈሉባቸው ሣጥኖች መጀመሪያ ጠባብ ናቸው፤ ልጁም ተጨፍልቆ ይታያል። ይሞክራል፤ አይችልም። አጎቱንና አክስቱን ያስባል። እንደገና ይሞክራል። ብረቱ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር ሣጥኑም እየሰፋ ይሄዳል። አምስተኛው ገጽ ላይ ሣጥን የለም፤ ገጹ በሙሉ አንድ ሥዕል ነው። ብረቱን አንስቶታል። ፊልም ይህን አያደርገውም፤ ፊልሙ በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። እዚህ ግን ገጹን የምትገልጠው አንተ ነህ። ሐጂ አራተኛው ገጽ ላይ እጄን ያዙኝ። "ቆይ" አሉ። ተነስተው በራቸውን ቆልፈው መጡ። ከዚያ "በል ግለጥ" አሉኝ።

ያነሳው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? መድኃኒቱን አደረሰ። ፎቶውንም ለጄምሰን ሸጠ። እንዲያ ዝሎ፣ ፊቱ አብጦ፣ ለዋጋው ተከራከረ። ለዚህ ነው የምወደው!

ሒሳብ ካነሳሁ አይቀር፣ ከገጹ ውጭ ያለው ሒሳብ ከገጹ ይብሳል። ሱፐርማንን የፈጠሩት የክሊቭላንድ ልጆች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር በ1938 መብቱን በ130 ዶላር ሸጡት። ለሁለት። ገጸ ባሕሪው ዓለምን ሲዞር እነሱ በፍርድ ቤት ዞሩ። 1975 መጨረሻ ላይ ነው፣ ሁለቱም አርጅተው፣ የዓመት ጡረታ የተቆረጠላቸውና ስማቸው ተመልሶ የገባው። በጣም የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ያ 130 ዶላር ያለበት ቼክ፣ ወረቀቱ ራሱ፣ በ2012 በጨረታ 160 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ባትማንም እንደዚያው። ከ1939 ጀምሮ ስሙ የሚጻፈው ቦብ ኬን ብቻ ነበር። ካባውን፣ ጭንብሉን፣ ግራጫውን ቀለም ያሰበው፣ ታሪኩንም የጻፈው ቢል ፊንገር ነው። ፊንገር በ1974 ሞተ። ስሙ ከኬን ጎን በይፋ መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው። ይህን ለሐጂ ስነግራቸው "ጨርቁን የሰፋው ሌላ፣ ስሙ የተለጠፈው ሌላ" አሉ። በሙያቸው የሚያውቁት ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት አንድ ደንብ አለኝ። ኮሚክስ ኮፒ አድርጌ አልሸጥም። ተማሪዎች ይለምኑኛል። "አንተ ማሽን አለህ፣ ምን ቸገረህ?" ይላሉ። መቀመጫ አለ፤ ቁጭ ብላችሁ አንብቡ፣ ቡናም ከጎረቤት አዛለሁ እላቸዋለሁ። ማሽኑ ግን ለዚያ አይሠራም። ሐጂ ይህን ደንቤን ይደግፋሉ። አክስቴም ትደግፈዋለች፤ ተሸክማ ስለምታመጣው።

የኛው "ጀምበር" ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቅርብ ሆነ። በ2018 ነው የወጣው። ኢታን ኮሚክስ፣ ደራሲው ብሥራት ደበበ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ። ጀግናው ማነው? ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ የሚፈልግ ልጅ! እንዲህ ዓይነቱ ልጅ በየቀኑ እኔ ሱቅ ይመጣል፤ ሲቪ ሊያባዛ፣ ዲግሪውን ኮፒ ሊያደርግ። በአማርኛ "ዷ" እና "ጓ" የሚሉ የድብድብ ድምፆች ተጽፈው ማየት የሚሰጠው ደስታ ሌላ ነው። ለሐጂ ማንበብም ቀለለኝ። እሳቸው ግን አሁንም ልብሱን ማን ሰፋው ነው የሚሉኝ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የአርክቴክቸር ተማሪ ሪሰርቹን ሊያስጠርዝ መጣ። ገጾቹን ሳስተካክል ከመሃል ሌላ ወረቀት ወጣ። በእርሳስ የተሠራ ኮሚክስ ነው። ጅሬን ኮረብታ ላይ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሰገነት ላይ የቆመች ሴት፤ ከሥሯ ከተማው፣ ባጃጁ፣ የአዌቱ ወንዝ ድልድይ። ሣጥኖቹ ትንሽ ይጠባሉ፣ እጆች ላይ ገና ነው፤ ዝናቡን ግን የጅማን ዝናብ አስመስሎ ሠርቶታል። አፍሮ ሊነጥቀኝ ነበር። ዲትኮን አወጣሁለት፤ ቁጥር 33ን ከፍቼ ሣጥኖቹ እንዴት እንደሚሰፉ አሳየሁት። ሐጂ መጥተው የሴቲቱን ካባ አዩና ትከሻው ላይ ስፌት የለውም፣ ይወድቅባታል አሉት። ልጁ ሳቀ፤ ግን ላጲስ አወጣ።

እንደገና ሠርቶት ትናንት ይዞ መጣ። በወፍራም ወረቀት አተምኩለት። ከማተሜ በፊት በየገጹ ግርጌ ስሙን እንዲጽፍ አደረግሁት፤ "ኧረ ግድ የለም" ሲል አልሰማሁትም። ሒሳቡን ግን ተቀበልኩ። ቶነር ተወዷል።