ሳላሳጥር የምሰጠው ምስክርነት

ጌታ ልጄን ከሞት አትርፎልኛል። ይህንን በጉባኤ ፊት ልመሰክር ስል አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው «እኅቴ፣ አሳጥሪው፤ የሰውዬውን ነገር ተዪው፤ ክብሩ የእግዚአብሔር ብቻ ይሁን» አሉኝ። ሰውዬው ያሏቸው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴ በጦርነቱ ስትያዝ ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለበት፤ ሰውነቱ ኢንሱሊን ስለማያመነጭ በየቀኑ መወጋት ግድ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ ተዘግቷል፤ ከመድኃኒት ቤቶችም ያልተዘረፈው ተከርችሟል። በእጃችን ያለው ብልቃጥ ሊያልቅ ሲቃረብ መጠኑን መቀነስ ጀመርኩ። ልጁ ውኃ አላረካው አለ፤ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ይነሣል፤ ትንፋሹ የበሰበሰ ፍሬ ይሸታል። ምን ማለት እንደሆነ የስኳር ታማሚ ያሳደገ ያውቀዋል። ጸለይኩ ስል ያማረ ቃል የደረደርኩ እንዳይመስላችሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ኢንሱሊን!» ብቻ ነበር የምለው።

የሐጂ ባለቤት ከሰል ሊበደሩ መጡ። ልጁን አዩት፣ ግንባሩን ዳሰሱት፣ ከሰሉን ረስተው ወጡ። ከመግሪብ በኋላ ሐጂ በጓሮ በር ገቡና ከጋቢያቸው ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን ከነመርፌው! መድኃኒት ቤት አላቸው። ከተማዋ ከመያዟ በፊት ኢንሱሊኑን ለይተው ወደ ቤት ወስደውት ኖሯል። መብራት ሲጠፋ በማሰሮ ከተቱት፤ ማሰሮውን በጆንያ ጠቅልለው ውኃ ያርከፈክፉበታል። ውኃው ሲተን ሸክላው ይቀዘቅዛል፤ የደሴ ብርድም አግዟቸዋል።

ገንዘብ ስዘረጋላቸው «ይህ ቀን ይለፍ» አሉ። «እንግዲያው ልጸልይልዎት፤ እኔ የማውቀው ግን በኢየሱስ ስም ነው» አልኳቸው። መዳፋቸውን ዘርግተው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «አሚን» አሉ። የወሎ ሰው አሚን ለማለት አይሰስትም።

ተዪው የተባልኩት ይህንን ነው። ሽማግሌው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩ የእምነት መደባለቅ እንዳይመስል ሰግተው ነው። ነገር ግን በሉቃስ 10 ላይ ጌታ ቁስለኛውን ያነሣውን ሰው «አንድ መንገደኛ» ብሎ አላለፈውም፤ አይሁድ የማይተባበሩት ሳምራዊ መሆኑን በግልጽ ተናገረ። «ምሕረት ያደረገለት» ብሎ ያድበሰበሰው ሕግ ዐዋቂው ነው። «ከሁለቱ የጌታን አነጋገር እመርጣለሁ» ብያቸው ወጣሁና ሐጂን በስማቸው ጠርቼ መሰከርኩ። ግማሹ ሃሌ ሉያ አለ፤ ግማሹ ዝም አለ።

ኢየሱስ ጌታዬ ነው፤ በዚህ አልደራደርም። ሐጂም ሰላታቸውን አያጓድሉም። ከደሴ አጠገብ ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም በአዋጅ ክርስቲያን ሊያደርጉ ተነሥተው ነበር፤ በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ አሊም የተጠመቁት ያኔ ነው። አዋጁ አለፈ፤ የእናቴ እናት ግን እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲሰግዱ ኖሩ፤ በሠርጌም ቀን እንደ አገሩ ልማድ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ በሬ ለየብቻ ታረደ።

ልጄ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ነው። ኢንሱሊኑን አሁንም የምንገዛው ከሐጂ ነው፤ በዋጋ እንከራከራለን፣ ቅናሽም አያውቁም። የእነዚያን የሁለቱን ብልቃጦች ሒሳብ ግን እስከ ዛሬ አልቀበልም እንዳሉ ናቸው።