የአባባ ፊሽካ

የሰፈራችን የጥበቃ መዋጮ ደብተር ሰኔ ላይ እኔ ጋ ገባ። በየስድስት ወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ማንም አይፈልገውም። ከእኔ በፊት ይዞት የነበረው ጎረቤቴ ሲያስረክበኝ ፊቱ በርቶ ነበር። ዕዳ ከፍሎ የጨረሰ ሰው ነው የሚመስለው።

የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ ቂጦ ነው፤ ወደ ዳር ገባ ብሎ። አስፋልቱ ታች ይቀራል፣ ከዚያ ወዲያ ቀይ አፈር ነው። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ሌላው አገር ሰኔን ይጠብቃል፣ እኛ ጋ ከመጋቢት ጀምሮ ቦቲ ከበር አይጠፋም። ጭቃው ሲብስ ባለ ባጃጁ «እናቴ፣ እዚሁ ልጣልሽ» ይልና የቀረውን በእግር ነው። ቦዬ ኩሬም ከእኛ ብዙ አይርቅም። ልጆቼ ጉማሬ እንዳለበት ለእንግዳ ሁሉ በኩራት ያወራሉ። እኔ የሚታየኝ የወባ ትንኙ ነው።

ጥበቃ የቀጠርነው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። በአንድ ሌሊት የአምስት ቤት የውሃ ቆጣሪ ተነቅሎ ተወሰደ። ለነሐሱ ነው አሉ። ጠዋት ስንነሳ ውሃው በየበሩ ይንፎለፎላል፣ እኛም በሌሊት ልብሳችን ቆመን እንተያያለን። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ተጠራና አባባ ተቀጠሩ።

23 ቤት ነን፤ በቤት 150 ብር። ሁሉም ቢከፍል 3,450 ይሞላል። 3,000ው የአባባ ደመወዝ ነው፣ የተረፈው ለባትሪ ድንጋይና ለመሳሰለው። ግን ሁሉም ከፍሎ አያውቅም። አንዷ «ባለቤቴ የለም» ትለኛለች፣ ጫማው በር ላይ ተቀምጦ። ሌላው «እኔ ተከራይ ነኝ፣ አከራዬን ጠይቂ» ይላል፤ አከራዩ ደግሞ «የሚኖርበት እሱ ነው» ይላል። ጥግ ላይ ያለው ሰውዬ «ውሻ አለኝ፣ ጥበቃ አያስፈልገኝም» ብሎ ቁርጡን ነገረኝ። ውሻውን አውቀዋለሁ። ሲያየኝ ጭራውን እየቆላ ይመጣል። ማንንም ሲያይ እንደዚያው ነው።

አባባ ስድሳን አልፈዋል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ይመጣሉ፣ ሱብሂ ሰግደው ይሄዳሉ። ጋቢ፣ በጋቢው ላይ ላስቲክ፣ ዱላ፣ ባትሪ። ባለ ሦስት እግር የዋንዛ በርጩማ አላቸው፣ ያው የጅማ በርጩማ። ግን ብዙ አይቀመጡበትም። በየሰዓቱ ሰፈሩን ይዞራሉ፣ እየዞሩም ፊሽካ ይነፋሉ። ጠዋት ለሥራ ስወጣ ካገኘኋቸው «አከም ቡልቴ?» ይሉኛል። እንዴት እንዳደርኩ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ፤ ግን ይጠይቃሉ።

ሐምሌ ላይ ከአዲስ አበባ የተዛወረ አዲስ ጎረቤት መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ገና ሳልጠይቀው የሦስት ወር ከፈለ። በሁለተኛው ሳምንት በሬን አንኳኳ።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ፊሽካው ሕፃኑን እየቀሰቀሰብን ነው። ደግሞስ ሌባውን ‹መጣሁልህ፣ ሽሽ› ማለት አይሆንም?»

እውነቱን ለመናገር ይህ ሁለተኛው አሳመነኝ። ማታ ለአባባ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ፊሽካውን ኪሳቸው ከተቱት። አልተከራከሩኝም። ቢከራከሩኝ ይሻለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ጸጥታ። ጆሮዬን ተከልኩ። አንድ ጊዜ ጅብ ጮኸ፣ ከዚያ ቆርቆሮው ጠቅ ጠቅ አለ። ዝናብ ይሁን ሰው አላውቅም። በሁለተኛው ሌሊት መስኮት ሥር ቆሜ ነበር። በሦስተኛው ቀን ቡና ላይ ተገናኝተን አንዷ ጎረቤቴ «አባባ ታመሙ እንዴ?» አለች። ለምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ ታስረክባለች። የምትነሳው በሌሊት አሥር ሰዓቱ ፊሽካ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አርፍዳ ደንበኞቿ ተቆጥተዋታል። የስልክሽን አላርም አትሞዪም ወይ ብላት «ስልክ ይዘጋል፣ አባባ አይዘጉም» አለችኝ።

ያን ማታ ዣንጥላ ይዤ ወጣሁ። አባባ በርጩማቸው ላይ አልነበሩም። ብቻቸውን የሚኖሩት እናት አጥር ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ላስቲኩ ላይ ውሃ ይወርዳል።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ አባባ?»

«ፊሽካው ለሌባ አይደለም፣ ልጄ። ሰባት ሰዓት ላይ ስነፋ እኚህ እናት መብራት ያበራሉ፣ ከዚያ ያጠፋሉ። አለሁ ማለታቸው ነው። አሁን ስለማልነፋ ሳላቸውን እስክሰማ እቆማለሁ።»

አምና እኚሁ እናት መታጠቢያ ቤት ወድቀው ሌሊቱን ሲጠሩ የሰማቸው አልነበረም። መብራቱ አልበራም ብለው በሩን ያንኳኩት አባባ ናቸው። በብርድ ልብስ ይዘናቸው እስከ አስፋልቱ ወረድን። ያኔ አባባ እንዴት እንዳወቁ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። «እግዜር ጠቁሟቸው ነው» ብለን አለፍነው።

የኩሽናዬ ግድግዳ ላይ ሦስት ቁጥር ለጥፌያለሁ። 991 ለፖሊስ፣ 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ሦስተኛው የአባባ ነው። መጀመሪያ የምደውለው ለሦስተኛው ነው። ለእሳቸው «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ሰማያዊው በር፣ ከቦዩ ማዶ» እያልኩ ማስረዳት የለብኝም። (ስለዚያ ክዳን ስለሌለው ቦይ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። ብዙ አለኝ።)

በማግስቱ አዲሱ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ሳቀ። ሕፃኑ ለካ ፊሽካው ከቆመም በኋላ በዚያው ሰዓት ይነቃል። «እናቱ ደግሞ ጭራሽ አትተኛም፣ ኮሽ ባለ ቁጥር እኔን ትቀሰቅሳለች» አለኝ። በእሱ በር ሲያልፉ ፊሽካውን እንዲተዉት፣ ጥጉ ጋ ሲደርሱ እንዲነፉ ተስማማን።

አሁን ጥጉ ጋ ይነፋሉ። ጥጉ የባለ ውሻው ቤት ነው። ውሻው ፊሽካውን ሲሰማ ወጥቶ ይከተላቸውና ሰፈሩን አብሮ ዞሮ ይመለሳል። ሰውዬው እስካሁን አልከፈለም።