በግድግዳው ላይ ያሉት የከሰል መስመሮች

ዛሬ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ቤት፣ ዐይናቸው የደከመ አያትንና የዘጠኝ ዓመት የልጅ ልጃቸውን ለመጎብኘት ሄጄ ነበር። የቤተሰቡን ሁኔታ የምመዘግብበትን ቅጽ አውጥቼ የቤቱ ኃላፊ ማን እንደሆነ ስጠይቅ፣ እማማ «እሷው ናት፣ ልጄ» አሉኝ፤ የቤቱ ቁልፍም በክር ታስሮ በልጅቱ አንገት ላይ ተንጠልጥሏል።

ከመደቡ በላይ፣ በጭቃው ግድግዳ ላይ በከሰል የተሰመሩ አጫጭር መስመሮች ተደርድረዋል። ምን እንደሆኑ ስጠይቃት፣ አያቷ የደም ግፊት ክኒናቸውን በዋጡ ቁጥር አንድ እንደምታሰምር ነገረችኝ። በመካከል አንድ ክፍት ቦታ አየሁ። «ያን ቀን ፈተና ነበረብኝ» ብላ አንገቷን ደፋች።

በቅጼ ላይ ይህች ልጅ የምትመዘገበው «ጥገኛ» በሚለው ረድፍ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል፤ እንዲህ ያለ ቤት ሲያጋጥም ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ሐሳብ ግን ልጅቱን ወደ ማሳደጊያ መውሰድ ነው። እኔ አልስማማም፤ ከልጅቱ ላይ መነሳት ያለበት ሸክሙ እንጂ አያቷ አይደሉም። ከመመለሴ በፊት ከቅሬው (ከሰፈሩ ዕድር) ሰዎች ጋር ተነጋግሬ፣ አንዲት ጎረቤት ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ክኒኑን ሊሰጡ ተስማምተዋል።