የተከተበ ወንድሜን ቤት ሳስታምም ያጠፋሁት

«ሁለቴ ተከትቦ የለ እንዴ? ለማንም አያስተላልፍም» ያሉኝን ባለሙያ አምኜ ነው እናታችንን ያስያዝኳት። ታኅሣሥ 2014፣ ሐዋሳ፤ ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ በየቤቱ የገባበት ሰሞን። እሷ አንድም ጊዜ አልተከተበችም።

ማስታመሙ ራሱ ቀላል ነበር። ሰርቪስ ቤቱን ለብቻው ለቀቅንለት፤ መስኮቱን ቀኑን ሙሉ ከፈትን፤ የደሙን ኦክስጅን ጠዋትና ማታ ጣት ላይ በሚሰካ መለኪያ ለካን። ከ94 በመቶ በታች ከሆነ ሐኪም ማማከር፣ ከ90 በታች ከሆነ ወዲያው ሆስፒታል።

የተበላሸው ምርመራው ላይ ነው። ጉሮሮውን በከረከረው ዕለት ማታ በፈጣን መመርመሪያ ኪት አየሁት። ስዋቡን (ናሙና መውሰጃ ዘንጉን) በሁለቱም የአፍንጫ ቀዳዳ አሽከረከርኩ፣ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አደረግኩ፣ 15 ደቂቃ ጠበቅኩ። አንድ መስመር ብቻ። «ነጻ ነህ» አልኩት። ሁለት ማታ እናታችን አጠገብ ቁጭ ብሎ ቡና ጠጣ፤ ያውም ብርዱን ፈርተን በሩን ዘግተን። በሦስተኛው ቀን ስደግመው ሁለተኛው መስመር ደቂቃ ሳይሞላ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ኪቱ የሚያየው የቫይረሱን ፕሮቲን ነው፤ አፍንጫ ውስጥ ካልበዛ መስመሩ አይወጣም። የተከተበ ሰውነት ቫይረሱን ስለሚያውቀው ቶሎ ይነሳበታል፤ ሕመሙም ቫይረሱ ሳይበዛ ሊሰማ ይችላል። የመጀመሪያ ቀን ኔጌቲቭን ከቁም ነገር አልቆጥረውም፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገም።

ክንድ ላይ የሚወጋው ክትባት አንቲቦዲ፣ ማለትም ቫይረሱን የሚከላከል የሰውነት ፕሮቲን፣ የሚያበዛው በደም ውስጥ ነው። ሳንባን አጥብቆ ይጠብቃል፤ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ግን ጥበቃው ስስ ነው፣ በወራት ውስጥም ይሳሳል። ስለዚህ የተከተበ ሰው ይያዛል፣ ያስተላልፋልም። ክትባቱ ከንቱ ነው የሚለኝን ግን አልሰማውም፦ ወንድሜ በአራተኛው ቀን ግቢ ሲጠርግ እናታችን ኦክስጅን ላይ ነበረች። ክትባቱ በሀገራችን ከተጀመረ ከመጋቢት 2013 ወዲህ ዘጠኝ ወር አልፎ ነበር፤ ያን ሁሉ ጊዜ ሳላስከትባት መቆየቴ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በዚያው ወር ለይቶ ማቆያውን ከ10 ቀን ወደ 5 አሳጠረ። እኔ በቀን ቆጠራ አላምንም። በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለት ኔጌቲቭ እስኪመጣ ድረስ ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ፣ ታማሚውም ማስኩን አያውልቅ። መነጽራችሁ በትንፋሽ ከደበዘዘ ማስኩ ከላይ ክፍት ነው፤ የአፍንጫውን ሽቦ ጫን አድርጉት።

ለአንድ ታማሚ ቢያንስ አራት ኪት ያዙ። ጊዜው ያላለፈ መሆኑን እዩ፤ አብዛኛው ከ30 ዲግሪ በላይ ሙቀት አይችልም፣ ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥ አትተዉት።