የቅዳሜ ሊፕስቲክ

ሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ውስጥ፣ ስትሮክ የመታቸው አንዲት የ88 ዓመት እናት ቤት አዳሪ ሆኜ እሠራ ነበር። እማማ ነው የምላቸው። ከእሁድ ማታ እስከ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ነኝ፤ ከዚያ የምትተካኝ በዕድሜ ልጄ የምትሆን ያገሬ ልጅ ናት። ገላ ማጠቡ፣ መድኃኒቱ፣ እንዳያንቃቸው ውሃውን ለዚሁ በተሠራ ማወፈሪያ ዱቄት አወፍሮ በማንኪያ ማጠጣቱ፣ ሐኪም ቤት ማመላለሱ፣ አብዛኛው የሚውለው በእኔ ቀናት ነው። ልጅቷ ቅዳሜ ጠዋት ትገባና ሊፕስቲክ ትቀባቸዋለች፤ ይስቃሉ። ሳምንቱን ሙሉ ለእኔ ያልታየ ጥርስ ለእሷ ይታያል። እሁድ ማታ ስመለስ ስኒያቸው አፍ ላይ የቀረውን ቀይ ቀለም ሳጥብ ሆዴ ይቃጠል ነበር።

አንድ ቀን ደግሞ የእማማ ልጅ ደወለች። «እናቴ ቅዳሜና እሁድ ደስተኛ ናት። እሷ የምታደርገውን አንቺስ ለምን አትሞክሪም?» እሺ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

በዚያው ሳምንት እሁድ ማታ፣ ልብሳቸውን ስቀይር፣ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ ጭራ አጥንታቸው ላይ ቀይ ቦታ አየሁ። በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩት። አልነጣም። ሥራውን የሠራ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ በአንድ ጎን ብዙ ከመቆየት የሚመጣ ቁስል ሊጀምር ነው። እኔ ግን ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ የሰው ገላ ሊቆስል ሲል አይቼ በልቤ «አገኘሁሽ!» አልኩ።

ልጅቷ ልትሄድ ጫማዋን እያሰረች ነበር።

«ሳታገላብጫቸው ስንት ሰዓት ተኛሽ?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም። «እትዬ፣ ደብተሩን አላዩትም?»

ከፈትኩት። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፦ «ጭራ አጥንት ላይ ቀይ፤ ሲጫኑት አይነጣም። አልታሸም።» ከሥሩ የሌሊቱ አለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ግራ፣ 6 ሰዓት ቀኝ፣ 8 ሰዓት ግራ፣ 10 ሰዓት ቀኝ፣ ንጋት 12 ሰዓት ግራ። አንዱንም አልዘለለችም።

ዐርብ ትዝ አለኝ። ከምሳ እስኪመሽ ዊልቸር ላይ ትቻቸው ነበር። ያን ቀን ኩርፊያ ላይ ነበርኩ፤ የልጃቸው ንግግር ጆሮዬ ላይ እየጮኸ ወጥ ቤት ተቀምጬ ዋልኩ። ሌሊቱንም አልተነሣሁም።

«ለምን ለልጃቸው አልነገርሽም?»

«እስከ ነገ ካልነገሯት እኔ እደውል ነበር። መጀመሪያ እርስዎ ይንገሯት ብዬ ነው።» ቦርሳዋን አነሣች። «እኔ እንቅልፍ የማጣው አንድ ሌሊት ነው እትዬ። እርስዎ ስድስት።»

መልስ አልነበረኝም። እዚያ ቤት በገባሁ በሁለት ዓመት ውስጥ ሌሊቶቼን የቆጠረልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ያንኑ ማታ ደውዬ የራሴን ጥፋት ነገርኳት። ልጃቸው ተቆጣች፤ መቆጣቷ ተገቢ ነው። ነርስ መጣች፣ አየር የሚሞላ ፍራሽ ታዘዘ፣ ቆዳው ሳይከፈት ቀይነቱ ጠፋ። ያም ሆኖ አንድ ሰው ስድስት ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እየተነሣ ቀኑንም ይሥራ ማለት ልክ አይደለም፤ ያኔም ተናግሬያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በተከራየሁት ቤዝመንት ተጋድሜ «አሁን እየሳቁላት ይሆናል» እያልኩ ነበር የምብሰለሰለው። ከዚያ በኋላ በመጣው ቅዳሜ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ተኛሁ። በ6 ሰዓት አንድ ሰው እማማን በግራ ጎናቸው አዙሮ በጉልበቶቻቸው መሃል ትራስ እንዳደረገ አውቃለሁ። ስነቃ ስለ እሷ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የመጀመሪያዬ ነበር።

ሊፕስቲኩን መሳቢያ ውስጥ ትታልኝ ሄዳ ነበር። አንድ ረቡዕ አወጣሁና ቀባኋቸው፤ እጄ ስላልለመደ ትንሽ ከከንፈራቸው ወጣ። መስታወቱን ይዤላቸው ቆየሁ። ፊታቸው በራ።

«ቅዳሜ ነው እንዴ ዛሬ?» አሉኝ።

«ረቡዕ ነው እማማ» አልኳቸው። «ሦስት ቀን ቀርቷታል።»