ተጎታቿ ላይ ቴሌቪዥን እንዴት እንደሰቀልኩ

ባለቤቴ ቡናና ቁርስ የምትሸጥባት ተጎታች አለችን። የሥራ ቀን ቱሉ ዲምቱ፣ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ አካባቢ ትቆማለች። እሁድ እሁድ ወንድሜ በፒክአፑ ይጎትታትና ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጋ እንውላለን። በያጅ ቤት ያሰራናት ናት፤ አጥንቷ ቱቦላሬ የሚባለው ባለ ማዕዘን የብረት ቱቦ፣ ከላይ ላሜራ የለበሰች፣ ከውስጥ ኤምዲኤፍ። ደንበኛ የሚቀመጠው ውጪ በርጩማ ላይ ነው። 2016 ክረምት ላይ ታዲያ ሰው ቡናውን እየጠጣ የፓሪስ ኦሎምፒክን እንዲያይ ፈለግን። ሩጫ ለብቻ ሲያዩት አይጥምም። ሹፌሩ፣ ጎረቤቱ፣ የቀን ሠራተኛው አንድ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነው ደስ የሚለው። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ገዛንና ከውጪ ግድግዳዋ ላይ ልሰቅል ተነሳሁ።

የመጀመሪያው አሰቃቀል አልሆነም። መርካቶ ሄጄ የሚታጠፍ ክንድ ያለው መስቀያ ገዛሁ። ሻጩ «ላሜራ ከሆነ ቪቴ ይበቃዋል» አለኝ፣ አመንኩት። አራት ቪቴ ላሜራው ላይ አጠበቅኩ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ያምርም ነበር። እሁድ ኮዬ ፈጬ ደርሰን ከመኪና ስወርድ ግን ላሜራው በመስቀያው ልክ ወደ ውጪ ተነፍቷል። የላይኞቹ ሁለት ቪቴዎች ግማሽ በግማሽ ወጥተዋል፤ ክብ የነበረው ቀዳዳ እንደ ባቄላ ሞላላ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ አልወደቀም። እግዚአብሔር ነው የጠበቀን፤ ከሥሩ የሚቀመጠው ሰው ነዋ።

ተጎታቿን የሠሩልን በያጅ ጋ ተመለስኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። በመዳፋቸው ላሜራውን ጫን ሲያደርጉት ገባ ወጣ አለ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ልብሷ ነው። አጥንቷን ፈልግና እሱ ላይ እሰር» አሉኝ።

ነገሩን ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ላሜራው አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ቴሌቪዥኑ 5 ኪሎ፣ ክንዱ 2 ኪሎ ገደማ ነው፤ 7 ኪሎ ሲባል ቀላል ይመስላል። ክንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ሲዘረጋ ግን ሌላ ነገር ነው። የላይኛውና የታችኛው ብሎን የሚራራቁት 15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ የላይኞቹን ከግድግዳው የሚነቅላቸው ጉልበት ከ15 ኪሎ ያልፋል። ይሄ እንግዲህ ቆማ ነው። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ላይ ስትዘል ምን እንደሚሆን አስቡት።

አጥንት ለመፈለግ ማግኔት ይረዳል ሲባል ሰምቼ ነበር። የሚረዳው ልብሱ አሉሚኒየም ለሆነ ተጎታች ነው። የኛ ላሜራውም ቱቦላሬውም ብረት ስለሆነ ማግኔቱ ያስቀመጡት ቦታ ሁሉ ይጣበቃል። በጣት አንጓ ማንኳኳት ይሻላል። ባዶው ቦታ «ዱም» ይላል፣ ቱቦላሬ ያለበት ግን ደረቅ «ጠቅ» ነው ድምፁ። ጠቅ ያለውን በጠመኔ አሰመርኩ። ሁለቱ ቋሚዎች 60 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ፤ መስቀያው አንዱ ላይ ቢያርፍ ሌላው ጋ አይደርስም።

ስለዚህ ከውስጥ ኤምዲኤፉን ፈታን። ጋሼ ቋሚዎቹን የሚያገናኙ ሁለት አግዳሚ ጠፍጣፋ ብረቶች በየዱ። ከመበየዳቸው በፊት የባትሪውን ገመድ አስነቅለውኛል፣ ይሄን እንዳትረሱ። ከዚያ ብሎኑ ከውጪ ገብቶ፣ ላሜራውንም ጠፍጣፋውንም ብረት አልፎ፣ ከውስጥ በሰፊ ሮንዴላና በዳዶ ታሰረ። ዳዶው ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዓይነት ነው። ተራው ዳዶ በመንገድ መንቀጥቀጥ ይላላል፤ ይሄኛው ነክሶ ይይዛል። በመስቀያውና በላሜራው መሀል ከአሮጌ ጎማ የቆረጥነውን ላስቲክ አስገባን፣ ቀዳዳው ዙሪያ ሲሊኮን ሞላን። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀዳዳዎች እንዲሁ ትቻቸው ስለነበር በሁለት ሳምንት ዝናብ ኤምዲኤፉ ውኃ ጠጥቶ እንደ ድፎ ዳቦ አብጦ ነበር። ያን ቁራጭ ቆርጠን ጣልነው።

የቴሌቪዥኑ ጀርባም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀዳዳዎቹ ርቀት ቬሳ በሚባል ልክ ነው የሚሠራው፤ 75 በ75፣ 100 በ100፣ 200 በ100፣ 200 በ200 ሚሊ ሜትር እያለ ይቀጥላል። መስቀያ ከመግዛታችሁ በፊት በማስመሪያ ለኩት። ብሎኑ ከረዘመ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ይወጋል። እኔ በክብሪት እንጨት ነው የለካሁት። ክብሪቷን እስክትቆም አስገባኋት፣ የቀዳዳው አፍ ላይ በጥፍሬ ያዝኳት፣ አወጣኋትና ከብሎኑ ጎን አስተኛኋት። ብሎኑ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ሮንዴላ ጨመርኩና ልኩ መጣ።

ቴሌቪዥኑ ውጪ አያድርም፣ ተሰቅሎም አይጎተትም። ይሄን ከመጀመሪያው እሁድ በኋላ ወስነናል። መስቀያውን ጋሼ በሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ሰሌዳ ክንዱ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይንጠለጠልና ከሥር በአንድ ሽብልቅ ይቆለፋል። ማታ ሽብልቁን ስቤ ቴሌቪዥኑን አነሳለሁ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለን አግዳሚው ሥር እናስገባዋለን። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ዝናብ ሲመጣ በላስቲክ የሚጠቀልሉ አይቻለሁ፤ ቴሌቪዥኑ እየሠራ ከተጠቀለለ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። የኛ ወደ ላይ በሚከፈተው የመስኮቱ ክዳን ሥር ስለሆነ ቀጥ ያለ ዝናብ አያገኘውም። ነፋስ የቀላቀለ ከመጣ ግን ወዲያው ወደ ውስጥ ነው። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ አይጣል ነው።

አንድ ቀን ክንዱ ማንም ሳይነካው ተከፍቶ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ሊጋጭ ትንሽ ቀረው። መስቀያው ምንም አልሆነም፤ ተጎታቿ ናት ያዘነበለችው። መሬቱ ዋልካ ነው፣ በክረምት ክሪኩ ይሰምጣል። አሁን ከክሪኩ ሥር ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አደርጋለሁ፣ ወለሏ ላይ ውኃ ልክ አስቀምጬ አረፋዋ መሀል እስክትገባ አስተካክላለሁ፣ ከዚያ ነው ቴሌቪዥን የሚወጣው።

ፀሐይንም አስቡበት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በበጋ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ታጋድላለች፣ በክረምት ወራት ደግሞ ወደ ሰሜን። ስለዚህ በበጋ የስክሪኑ ፊት ወደ ሰሜን እንዲሆን አድርጌ አቆማታለሁ፣ ያኔ ጥላው ውስጥ ይሆናል። በክረምት ደመናው ራሱ ይበቃል። ዲሹ ተጎታቿ ላይ አይሆንም፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ትወዛወዛለች። አሮጌ ቸርኬ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተን መሬት ላይ አቆምነው። የኢትዮጵያ ቻናሎች የሚተላለፉበትን ኢትዮሳትን ለመያዝ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ነው የሚዞረው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ዛፍና ሕንፃ አለመኖሩን ቀድሜ አያለሁ።

መብራቱን ከጎረቤት ግቢ በኤክስቴንሽን ነበር የምንስበው። ለሚጠፋበት ጊዜ 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር አለን። ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ ከኢንቨርተሩ ብክነት ጋር 65 ዋት ገደማ ይበላሉ፤ የባትሪውን ግማሽ ብቻ ብንጠቀም እንኳ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ይሄዳል።

ነሐሴ 4 ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የወንዶች ማራቶን ተጀመረ። ሲያካፋ ነው ያደረው። ሠላሳ የሚሆን ሰው ክዳኑ ሥርና ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። በተጎዳው ሲሳይ ለማ ቦታ የገባው ታምራት ቶላ ዳገቱ ላይ ተነጥሎ ሲወጣ ሰፈሩ ቀለጠ። ያኔ ነው ባለቤቴ «አንተ፣ ና! ላሜራው ነዘረኝ!» ብላ የጮኸችው። ሲኒ አስቀምጣ እጇ የተጎታቿን ጠርዝ ነክቶ ነው፤ እግሯ እርጥብ መሬት ላይ ነበር። ሰዉ ሁሉ ከላሜራው እንዲርቅ ጮህኩ። ጎረቤት ግቢ ሮጬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩ፣ ተመልሼ ቴሌቪዥኑን ኢንቨርተሩ ላይ ሰካሁ። ሥዕሉ ሲመለስ ታምራት ብቻውን እየሮጠ ነው። በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ገባ፣ አዲስ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን። በ2000 ዓ.ም. ቤጂንግ ላይ ከተሮጠው ሰዓት በ6 ሰከንድ የፈጠነ። ሰው ተቃቅፎ ይዘላል፣ እኔ የባለቤቴን እጅ ይዤ ጣቶቿን አያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጥፋቱን አገኘሁት። ኤክስቴንሽኑ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቀዳዳ በድሪል በስቼ ጠርዙን ሳልሞርደው ነበር የተውኩት። የላሜራው ጠርዝ ስለት ነው። ገመዱ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር እየታሸ ሽፋኑ የጥፍር ያህል ተልጧል፣ በዝናቡ ርጥበት መብራቱ ወደ ላሜራው ያፈስ ነበር። ተጎታቿ ደግሞ በጎማና በድንጋይ ላይ ስለቆመች መብራቱ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም፤ የሚነካትን ሰው ነው የሚጠብቀው። ይሄን ሳስበው እስካሁን ሆዴ ይባባል። አራት ቪቴ ሲነቀል ዓይን ያየዋል፣ ይሄን ግን ማን ያየዋል?

ገመዱን በሙሉ ቀየርኩት። ቀዳዳውን ሞርጄ የጎማ ቀለበት አስገባሁበት፣ ገመዱን ወደ ታች አጥፌ ከሥር ነው ያስገባሁት፣ ውኃው ተከትሎት እንዳይገባ። በኤሌክትሪክ ባለሙያ ኤርዝ አስተከልኩ፣ የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ተቀብሮ ከተጎታቿ አካል ጋር በወፍራም ሽቦ ተያይዟል። ኮዬ ፈጬም አንድ ሌላ ተክለናል። ከዚያ ላይ መብራት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አለ። ብሬከሩ ላይ መሞከሪያ ቁልፍ አለችው፣ ስትጫን መቁረጥ አለበት። ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ከሰሉን ከማያያዟ በፊት ያቺን ቁልፍ እጫናለሁ፣ መቁረጡን አይቼ ብሬከሩን መልሼ አበራለሁ፣ ቀጥሎ ቴስተሩን ላሜራው ላይ አስነካለሁ፣ ቴሌቪዥኑ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።