የግልገል ጊቤ ዓሣና የተመራማሪ ምክር

ጅማ ውስጥ ዓሣ በጣም የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው። በዚያ ሰሞን ማለዳ ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣ ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ) ፀሐይ ሳትበረታ ያልቃል። ሥራዬ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያነት ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዓሣው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያነሰው?»

ለዚህ ጥያቄ በቅንነት መልስ ለመስጠት ሦስት ነገር ማወቅ አለብኝ። በቀን ስንት ኪሎ ወጣ? ያን ለማውጣት ስንት መረብ ለስንት ሰዓት ውኃ ውስጥ ቆየ? የወጣው ዓሣስ ርዝመቱ ስንት ነው? እነዚህ ሳይታወቁ የሚሰጥ ምክር፣ የፈለገ ዶክተር ይፈርምበት፣ ግምት ነው።

በሰሜን አትላንቲክ በኩል ያለውን አሠራር እወደዋለሁ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የተቋቋመ ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት አለ። ተመራማሪዎቹ «ይህን ያህል አስግሩ» ብለው አያዙም። ይህን ያህል ብታወጡ በሚቀጥለው ዓመት ለመራባት የሚቀረው ዓሣ ይህን ያህል ይሆናል፤ ብትቀንሱ ደግሞ ይህን ያህል፣ እያሉ አማራጮቹን በሠንጠረዥ ያቀርባሉ። በአውሮፓ ኅብረት የሚወስኑት ሚኒስትሮቹ ናቸው። ምክሩ ለሕዝብ ስለሚወጣ፣ ከምክሩ በላይ ከፈቀዱ ማንም ሰው አይቶ ይጠይቃቸዋል። ምክርና ውሳኔ እንዲህ ሲለያዩ ማን ምን እንዳጠፋ ይታወቃል።

ግን ሳይንሱም ይሳሳታል። የካናዳዋ ኒውፋውንድላንድ ታሪክ ሁልጊዜ ከአእምሮዬ አይጠፋም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የትልልቆቹ መርከቦች ምርት ጥሩ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚያ ቁጥር አብዝተው ስለተማመኑ ኮድ የሚባለው ዓሣ ካለው በላይ የበዛ መሰላቸው። ዓሣው ግን ሲመናመን የቀረው አንድ አካባቢ እየተሰበሰበ ነበር። መርከቦቹም በመሣሪያ እየፈለጉ የተሰበሰበበት ድረስ ይሄዱበታል። ስለዚህ መረባቸው እስከ መጨረሻው ሞልቶ ይወጣ ነበር። በባሕሩ ዳር በትንንሽ ጀልባ የሚያሰግሩት ሰዎች «ዓሣው አንሷል፣ መጠኑም ትንሽ ሆኗል» እያሉ ቢጮኹም የእነሱ ቃል ሚዛን አልደፋም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1992 ማስገሩ ተዘጋ። 30 ሺህ ያህል ሰው ከሥራው ወጣ። እገዳው በይፋ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው።

ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ ግድቡ ዳር የአንድ ሽማግሌ አስጋሪ ንግግር አላስተኛ አለኝ። «ልጄ፣ ድሮ መረቡን እዚሁ ዳር ነበር የምንጥለው። አሁን ራቅ ብለን ካልቀዘፍን አናገኝም። ኪሎው ያው ነው፤ ድካሙ ግን እጥፍ ሆኗል» አሉኝ። እኛ የምንሞላው ቅጽ ላይ የኪሎ ዓምድ አለ። የድካም ዓምድ የለም። እሳቸው የነገሩኝ ነገር የትም አይጻፍም ማለት ነው። ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት «ምርቱ አልቀነሰም» ይላል፤ በዚያ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ ይወጣል።

የመረብ ዓይን፣ ማለትም የቀዳዳው ስፋትም እንዲሁ መለካት የሚፈልግ ነገር ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ቆይቷል። ለዚህ ግድብ የመረቡ ዓይን ስንት ሴንቲሜትር ይሁን የሚለውን ግን ዓሣው ራሱ ነው የሚነግረን። ግማሾቹ ሴት ቆሮሶዎች እንቁላል ለመያዝ የሚደርሱት በምን ርዝመት ነው? ከዚያ በታች ያሉትን የሚይዝ መረብ አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለዱትን እየጨረሰ ነው። ይህን ለማወቅ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ከዓሣው ውጪ ያለው ጉዳይ ነው። ግድቡ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኃይል ግድብ ነው። ከዚያ የሚወጣው ውኃም 26 ኪሎ ሜትር በሚሆን ዋሻ አልፎ ጊቤ ሁለት የተባለውን የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ውኃው ከፍ ዝቅ የሚለው በዝናብ ብቻ ሳይሆን በመብራት ፍላጎትም ነው። ቆሮሶ ደግሞ ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ይፈልጋል። ወንዱ ጎጆውን የሚቆፍረው እዚያ ነው። እናቲቱ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም የሚደበቁት ዳር ባለው ሣር ውስጥ ነው። ውኃው በዚያ ጊዜ ቶሎ ከሸሸ መደበቂያቸው ደረቅ መሬት ይሆናል። ስለ ውኃው ከፍታ ሲወሰን የዓሣ ባለሙያም ሊጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

አፈሩም አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከተፋሰሱ እየታጠበ ወደ ግድቡ ስለሚገባው ደለል ጽፈዋል። ይህ ደለል የሚያሳስበው ተርባይኑን ብቻ አይደለም። ባርቦ በክረምት ወደ ወንዝ ወጥቶ እንቁላሉን ጠጠር ላይ የሚጥል ዓሣ ነው። ጠጠሩ ጭቃ ከለበሰ እንቁላሉ ይታፈናል። ስለዚህ የእርከን ሥራ የዓሣ ሥራም ነው፤ በአንድ ዕቅድ ውስጥ መግባት አለበት።

ስለ ባርቦ የጣናን ነገር እናውቃለን። በሞተር ጀልባ የሚሠራው የመረብ ማስገር እ.ኤ.አ. በ1986 ከተጀመረ በኋላ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ባርቦዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች ለክተዋል። ዓሣው ወንዝ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ነው መረብ የሚጠብቀው። ምክራቸውም በመራቢያው ወቅት ወንዝ አፉን እናስከብር የሚል ነበር።

አሁን የማዘጋጀው ረቂቅ ሁለት አማራጭ አለው። አንደኛው በክረምት ወንዝ የሚገባበትን አፍ መዝጋት፣ ሁለተኛው የመረቡን ዓይን ማስፋት። በእያንዳንዱ ሥር አስጋሪው ቤተሰብ በነዚያ ወራት ምን እንደሚያጣ ጽፌያለሁ። ያንን የማይናገር ምክር ማንም አይቀበለውም፤ ባይቀበለውም አልፈርድበትም። ቅጹ ላይም የሰዓት፣ የመረብ ብዛትና የርዝመት ዓምድ ጨምሬያለሁ። ወደ ቢሮ ከመላኬ በፊት ግድቡ ዳር ላሉት አስጋሪዎች በአፋን ኦሮሞ አነብላቸዋለሁ። የማይስማሙበት ቁጥር ካለ እዚያው ያርሙታል።